ጓዳው ሞልቶ የተራበ ታዳጊ ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ

አንዲት የ15 ዓመት ልጅ በጠዋት ሰልፍ ላይ ራሷን ስታ ወደቀች እንበል። ድንገተኛ ክፍል ስትደርስ በእግሯ ትሄዳለች፣ ፈገግ ትላለች፣ የተጠየቀችውን ሁሉ አጥርታ ትመልሳለች። የደም ግፊቷ ተለክቶ «ትንሽ ዝቅ ብሏል» ይባላል። ደሟ ተመርምሮ ውጤቱ ደህና ይሆናል። እናቷ «ቁርስ እኮ አትበላም» ሲሉ ነርሷ አንድ ከረጢት ግሉኮስ ትሰካላታለች፤ ሲያልቅም ልጅቷ ወደ ቤቷ ትሸኛለች። ይህ ሁሉ በየቀኑ የሚደረግ፣ ማንንም የማያስገርም አሠራር ነው። ልጅቷ ለወራት ራሷን በረሀብ ስትቀጣ የቆየች ከሆነ ግን በዚህ ጉብኝት ውስጥ ከአንድ በላይ ስህተት ተፈጽሟል፤ የመጨረሻው ደግሞ ሊገድላት የሚችል ነው።

አኖሬክሲያ ነርቮሳ (ክብደት መጨመርን ከመፍራት ራስን ማስራብ)፣ ቡሊሚያ (በአንዴ ብዙ በልቶ በማስመለስ ወይም በመሳሰለው መንገድ ማስወጣት) እና እነርሱን የመሳሰሉ የአመጋገብ መታወክ ሕመሞች የአእምሮ ሕመሞች ተብለው ይመደባሉ፤ ምደባውም ትክክል ነው። ችግሩ ይህ ምደባ አንዳንዴ የሰውነትን ሐኪም ከአልጋው ያርቀዋል፤ «የሥነ አእምሮ ጉዳይ ነው» ተብሎ ይታለፋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመና 36 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና እንዳሳየው፣ አኖሬክሲያ ያለባቸው ሰዎች የመሞት ዕድል በተመሳሳይ ዕድሜና ፆታ ካሉት ሰዎች ጋር ሲነጻጸር ከአምስት እጥፍ በላይ ነበር። ከሞቱት ከአምስቱ አንዱ ያህሉ ራሳቸውን ያጠፉ ሲሆኑ፣ ከቀሩት ብዙዎቹን የወሰዳቸው ረሀቡ በልብና በሌሎች የአካል ክፍሎች ላይ ያደረሰው ጉዳት ነው። ከኮቪድ ወረርሽኝ ወዲህ ጉዳዩ የበለጠ ወደ ድንገተኛ ክፍሎች መጥቷል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በየካቲት 2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ፣ ከ12 እስከ 17 ዓመት ካሉ ልጃገረዶች የድንገተኛ ክፍል ጉብኝቶች መካከል ከአመጋገብ መታወክ ጋር የተያያዙት ድርሻ በወረርሽኙ ጊዜ በእጥፍ ማደጉን አስታውቋል።

ስለ ድንገተኛ ሕክምናው በግልጽ መነጋገር ያስገደደው አንዱ ታሪክ የተፈጸመው በእንግሊዝ አገር ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. መስከረም ላይ ዩኒቨርሲቲ የገባች፣ ከአኖሬክሲያ ሕክምና ከሆስፒታል የወጣች የ19 ዓመት ወጣት ክብደቷ በየሳምንቱ እየቀነሰ ሄዶ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ሞተች። የፓርላማውና የጤና አገልግሎቱ እንባ ጠባቂ በታኅሣሥ 2017 ባወጣው ሪፖርት፣ በእንክብካቤዋ የተሳተፉት የመንግሥት የጤና ተቋማት ሁሉ በየፊናቸው እንደበደሏትና ሞቷ ሊከለከል ይችል እንደነበር ደምድሟል። ሪፖርቱ ሲነበብ ጎልቶ የሚታየው የአንድ ሰው ጭካኔ አይደለም። እያንዳንዱ ባለሙያ ከጉዳዩ አንዲት ቁራጭ ይዞ «ሌላው ያየዋል» ብሎ ማሰቡ ነው።

በግንቦት 2022 እ.ኤ.አ. የብሪታንያ ንጉሣዊ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ኮሌጅ ያወጣው መመሪያ ይህን ክፍተት ለመዝጋት የታሰበ ነው። ቀደም ሲል ሁለት መመሪያዎች ነበሩ፤ አንዱ ለአዋቂዎች፣ ሌላው በ2012 የወጣው ለልጆችና ለታዳጊዎች። ሁለቱም «በአኖሬክሲያ በጣም የታመሙ ሰዎች» የሚል ሐረግ በስማቸው ውስጥ ነበረባቸው። አዲሱ መመሪያ ሁለቱን አዋህዶ ስሙን «በአመጋገብ መታወክ የሚከሰቱ ድንገተኛ የሕክምና አደጋዎች» አለው። የስሙ መለወጥ ለይስሙላ አይደለም። ያልከሳች ግን በቀን አምስት ጊዜ የምታስመልስ ልጅም፣ ክብደት ለመቀነስ ኢንሱሊኗን ሆን ብላ የምትዘልል የስኳር ሕመምተኛም፣ በወፍራምነቱ ሲሾፍበት ኖሮ በአራት ወር 25 ኪሎ ያወረደ ወንድ ልጅም በዚያው ሚዛን እንዲታዩ ያደርጋል። መመሪያው አደጋን የሚመዝነው በትራፊክ መብራት ቀለማት ነው፤ ቀዩ «አሁኑኑ» ማለት ነው።

ክብደትን እናስቀድም፤ ብዙ ሰው የሚያየው እርሱን ስለሆነ፣ ብዙ የሚያሳስተውም እርሱ ስለሆነ። ለታዳጊ የአዋቂ መለኪያ አይሠራም፤ የልጁ የክብደትና የቁመት ምጣኔ በዚያው ዕድሜና ፆታ ካሉት የመሃለኛው ልጅ ምጣኔ ጋር ይነጻጸራል። ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 የሆነች የ15 ዓመት ልጅ መሃለኛ ክብደት ወደ 51 ኪሎ ይጠጋል። በብሪታንያው መመሪያ ቀይ የሚበራው ከዚህ 70 በመቶ በታች ስትወርድ ማለትም 36 ኪሎ ገደማ ስትሆን ነው። ይሁንና ከ75 ኪሎ ተነሥታ በጥቂት ወራት 51 ኪሎ የደረሰች ጓደኛዋ በሠንጠረዡ ላይ «መቶ በመቶ ጤናማ» ትሆናለች። ጎረቤት «እንዴት አማረብሽ» ይላታል፣ የስፖርት አስተማሪዋም ያደንቃታል። የልብ ምቷ ግን በደቂቃ 42 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መመሪያው የክብደቱን መጠን ብቻ ሳይሆን የአወራረዱን ፍጥነት ይጠይቃል፤ ለሁለት ተከታታይ ሳምንታት በየሳምንቱ አንድ ኪሎና ከዚያ በላይ የሚወርድ በምግብ የተጎዳ ሰው ቀዩ ውስጥ ይገባል። ሚዛኑ ራሱም ይዋሻል። ከመመዘን በፊት ሁለትና ሦስት ሊትር ውኃ መጠጣት፣ በኪስ ሳንቲም መያዝ፣ በውስጥ ልብስ ክብደት መደበቅ የታወቁ ዘዴዎች ናቸው። ውኃው ደግሞ ማታለያ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የደምን ሶዲየም አቅጥኖ እስከ መንቀጥቀጥ ሊያደርስ ይችላል።

ከሚዛን ይልቅ እውነቱን የሚናገረው ልብ ነው። የተራበ ሰውነት እንደ ቆጣቢ የቤት እመቤት ነው፤ ገቢው ሲቀንስ ወጪውን ይቆርጣል። ሙቀቱን ይቀንሳል፣ የወር አበባን ያቆማል፣ ልብን ያዘገያል። በ1944 እና በ1945 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሚኒሶታ 36 ጤናማ ወጣት ወንዶች በፈቃዳቸው ለ24 ሳምንታት በከፊል እንዲራቡ ተደርጎ በተካሄደው ጥናት፣ የተሳታፊዎቹ የዕረፍት ጊዜ የልብ ምት በአማካይ ከ55 ገደማ ወደ 35 ገደማ ወርዷል። እነዚያ ሰዎች የአእምሮ ሕመም አልነበረባቸውም፤ ነገር ግን ቀን ከሌሊት ስለ ምግብ ብቻ ያስቡ፣ የወጥ አሠራር መጻሕፍት ይሰበስቡ ጀመር። ረሀቡ ከድርቅ ይምጣ፣ ከጦርነት ይምጣ ወይስ ከመስታወት ፊት ከተወሰደ ውሳኔ፣ ልብና ጉበት አይለዩትም።

በቀን፣ ነቅታ ሳለች፣ የልብ ምቷ በደቂቃ ከ40 በታች የሆነ ታዳጊ በብሪታንያ መመሪያ ቀይ ነው። መቀመጫውን አሜሪካ ያደረገው የታዳጊዎች ጤናና ሕክምና ማኅበር ደግሞ ቀን ከ50 በታች፣ ሌሊት ከ45 በታች ከሆነ ሆስፒታል መተኛትን ያስባል። የሁለቱ ልዩነት የሚያሳየው ቁጥሮቹ የሰው ስምምነት መሆናቸውን ነው። በ41 ያለች ልጅ «ገና ቀይ አልደረሰችም» ተብላ በአውቶቡስ ወደ ቤት እንድትመለስ የሚያደርግ ሐኪም መመሪያውን አንብቧል እንጂ አልገባውም ብል የተጋነነ አይመስለኝም። ሌላው ወጥመድ «ስፖርተኛ ስለሆነች ነው» የሚለው ነው። የሠለጠነ ሯጭ ልብ በዕረፍት ጊዜ ዝግ ማለቱ እውነት ነው። ሆኖም የወር አበባዋ የቆመ፣ እጇ የቀዘቀዘ፣ ክብደቷ እየወረደ ያለ ሯጭ ልብ ዝግ ያለው በሥልጠና ነው ብሎ መደምደም አደገኛ ነው።

ይህን ሁሉ ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ልጅቷ ለአምስት ደቂቃ ያህል በጀርባዋ ትተኛለች፤ የልብ ምቷና የደም ግፊቷ ይለካል። ከዚያ ተነሥታ ትቆማለች፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካል። ስትቆም የላይኛው የደም ግፊቷ በ20 ከወረደ ወይም የልብ ምቷ ከ30 በላይ ከጨመረ (ከ16 ዓመት በታች ላሉት 35)፣ በተለይም ተደጋጋሚ ራስን መሳት ካለባት፣ የደም ዝውውሯ ራሱን መሸከም አቅቶታል ማለት ነው። ቀጥሎ ከተኛችበት በእጇ ሳትደገፍ ተነሥታ እንድትቀመጥ፣ ከዚያም ቁጢጥ ብላ በእጇ ሳትደገፍ እንድትቆም ትጠየቃለች። ቁጢጥ ብላ የቀረች፣ ጉልበቷን በእጇ ገፍታ የምትነሣ፣ ወይም ግድግዳ የምትፈልግ የ15 ዓመት ልጅ የጡንቻዋ ፕሮቲን ለነዳጅነት መዋሉን ያለ ላቦራቶሪ ትናገራለች። በመግቢያው ላይ ያየናት ልጅ የደም ግፊት የተለካው ተቀምጣ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር።

የደም ምርመራው ነገር ደግሞ ለብቻው ሊነሣ ይገባዋል፤ ቤተሰብንም ሐኪምንም የሚያዘናጋው እርሱ ነውና። «ደሟ ንጹህ ነው» የሚለው ቃል እፎይታ ያመጣል። ሰውነት ግን ከአጥንትና ከጡንቻ እየመነዘረ የደሙን መጠን እስከ መጨረሻው ሰዓት ሊያስተካክል ይችላል፤ ስለዚህ የተበላሸ ውጤት አደጋን ያረጋግጣል እንጂ ጥሩ ውጤት አደጋ የለም አያሰኝም። ብዙ ጊዜ የምታስመልስ ወይም የሚያስቀምጥ መድኃኒት የምትወስድ ልጅ ፖታሲየሟ ወርዶ ልቧ በድንገት ምቱ ሊዛባ ስለሚችል፣ ከደሙ ጋር የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ማለትም ኢሲጂ መነሣት አለበት። የደም ስኳሯ በዴሲ ሊትር ከ54 ሚሊግራም በታች የሆነች ከሆነ ጉበቷ ያጠራቀመውን ጨርሷል። የሰውነት ሙቀቷ ከ35.5 ዲግሪ በታች መሆኑም እንዲሁ ቀላል ነገር አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚፈለገው ትኩሳት እንጂ ቅዝቃዜ ስላልሆነ ይታለፋል።

አሁን ወደ ግሉኮሱ ከረጢት እንመለስ። በአገራችን «ደክሟታል፣ ግሉኮስ ይሰካላት» የሚለው ልማድ ሥር የሰደደ ነው፤ ያልተሰካለት ሕመምተኛ ያልታከመ የሚመስለው ቤተሰብም ጥቂት አይደለም። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት በስኳር ምትክ ስብና ጡንቻ እያነደደ ይኖራል፤ ኢንሱሊኑም ዝቅ ብሎ ይቆያል። ስኳር በድንገት ሲገባ ኢንሱሊን ይፈነዳል፤ ኢንሱሊኑም ፎስፌትን፣ ፖታሲየምንና ማግኒዚየምን ከደም ጠርጎ ወደ ሴሎች ውስጥ ይከታቸዋል። ፎስፌት የሌለው ሴል ኃይል መሥራት አይችልም፤ የልብና የመተንፈሻ ጡንቻ ይዝላል። በዚያው ላይ ስኳሩን ለማቃጠል የሚያስፈልገው ቲያሚን ማለትም ቫይታሚን ቢ 1 ያልቅና አንጎል ይጎዳል። ሐኪሞች ሪፊዲንግ ሲንድሮም የሚሉት ይህን ነው። አደጋው ብዙ ጊዜ የሚታየው ምግብ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውስጥ ስለሆነ፣ ቤተሰብ «እግዚአብሔር ይመስገን መብላት ጀመረች» ባለበት ሰዓት ይመጣል። የደም ስኳሯ በእውነት ከወረደ ግሉኮስ ይሰጣታል፣ መከልከልም የለበትም፤ ነገር ግን ከቲያሚን ጋር፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ ፎስፌቷና ፖታሲየሟ በየቀኑ እየታየ ነው እንጂ ተሰክቶላት ወደ ቤት የምትሸኝበት ሁኔታ ሊኖር አይገባም። ፈሳሽ በደም ሥር በብዛትና በፍጥነት ማፍሰስም የሳሳ ልብን ያጥለቀልቃል።

ይህ ዕውቀት ለኢትዮጵያ የጤና ባለሙያ እንግዳ መሆን አልነበረበትም። ክፉኛ የተጎዱ ሕፃናት በሚታከሙባቸው የማገገሚያ ክፍሎች የሠራች ነርስ ሁሉ ነገሩን በእጇ ታውቀዋለች። በመጀመሪያ የሚሰጠው ኤፍ-75 ነው፤ በ100 ሚሊ ሊትር 75 ካሎሪ ብቻ የያዘ፣ ፕሮቲኑና ሶዲየሙ ዝቅ ያለ ወተት፣ በትንሽ በትንሹ ሌሊትም ሳይቀር በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ። ሕፃኑ ሲረጋጋ ነው የበለጠ ካሎሪ ወዳለው ኤፍ-100 ወይም ፕላምፒኔት ወደሚባለው የለውዝ ቅቤ ምግብ የሚሻገረው። ሕፃኑ ይሞቃል፣ ስኳሩ ይታያል፣ የደም ዝውውሩ ካልወደቀ (ሐኪሞች ሾክ የሚሉት) በስተቀር በደም ሥር ፈሳሽ አይሰጠውም። ያችው ነርስ ወደ ድንገተኛ ክፍል ተዛውራ፣ ጥሩ የለበሰች፣ የእጅ ስልኳ ውድ የሆነ፣ በግል ትምህርት ቤት የምትማር ልጅ ስትቀርብላት ግን ያን የምታውቀውን ረሀብ አታየውም። ረሀብ በእኛ ዓይን ከድህነት ጋር ተጣብቋል፤ የሞላ ማቀዝቀዣ ካለበት ቤት ይመጣል ብሎ የሚጠረጥር ጥቂት ነው።

ሆኖም ከሕፃናቱ የተወሰደው ጥንቃቄ ለታዳጊዎቹ ሳይለካ ሲሠራበት ሌላ ጉዳት አድርሷል። ሪፊዲንግን ከመፍራት የተነሣ ለዓመታት ታዳጊዎች እጅግ በትንሽ ካሎሪ ይጀመርላቸው፣ እሱም በዝግታ ይጨመርላቸው ነበር፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሆስፒታል ተኝተው የሚከሱ ልጆች ነበሩ። ካሊፎርኒያ ውስጥ በሁለት ማዕከላት በዕጣ ተመድበው የተጠኑና ውጤታቸው ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታተመ 120 ታዳጊዎችና ወጣቶች ጉዳይ ይህን አመለካከት ቀይሯል። በቀን በ2,000 ካሎሪ ጀምረው በየቀኑ 200 የተጨመረላቸው፣ በ1,400 ጀምረው በየሁለት ቀኑ 200 ከተጨመረላቸው ይልቅ ሦስት ቀን ያህል ቀድመው ተረጋግተዋል፤ የማዕድናት መዛባቱም አልበዛባቸውም። ያ ሊሆን የቻለው ግን ደማቸው በቅርበት እየታየ ፎስፌት በሚያስፈልግ ጊዜ እየተሰጣቸው ስለነበር ነው። የብሪታንያው መመሪያም አደጋቸው አነስተኛ ለሆነ ታዳጊዎች በ1,400 እና በ2,000 መካከል መጀመርን ይደግፋል፤ እጅግ ለከሱት፣ ለብዙ ቀናት ምንም ላልበሉት፣ ልባቸው ለታወከው ዝቅ አድርጎ ጀምሮ ቶሎ ቶሎ መጨመርን ይመክራል። መፍራት ያለብን ሁለቱንም ነው፤ አለመመገቡም ይገድላልና።

የተጎዳው ሕፃንና ታዳጊዋ በአንድ ነገር ይለያያሉ፤ ሕፃኑ ምግብ ይፈልጋል። ታዳጊዋ ግን አልጋው ላይ ሆና ከሚያድኗት ሰዎች ጋር ትታገላለች። ቅቤውን ከዳቦው ላይ ጠርጋ በናፕኪን ትጠቀልላለች፣ ሾርባውን አበባ ማስቀመጫ ውስጥ ትደፋለች፣ ብርድ ልብሱ ሥር ሆዷን እያጠፈች ስፖርት ትሠራለች፣ በአፍንጫ በገባው ቱቦ የሚወርደውን ምግብ ቱቦውን ፈትታ ታፈስሳለች። ይህን ያላወቀ የሕፃናት ክፍል «ሁሉንም በልታለች» ብሎ ይመዘግባል። ያወቀ ክፍል ደግሞ አንዳንዴ ይበሳጫል፣ ልጅቷን እንደ አጭበርባሪ ያያታል፤ ይህም ያው ስህተት በሌላ መልኩ ነው። ፍርሃቷ እውነተኛ ነው። ከምግብ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል አጠገቧ የምትቀመጥ፣ ስለ ካሎሪ የማትከራከር፣ «ይህ መድኃኒትሽ ነው» ብላ በእርጋታ የምትጸና አንዲት ነርስ ከብዙ ማብራሪያ ትበልጣለች። ልጅቷ እምቢ ብትል እንኳ ለሕይወቷ በሚያሰጋ ሁኔታ በብሪታንያ በወላጅ ፈቃድ ወይም በአእምሮ ጤና ሕጉ መሠረት ልትታከም ትችላለች። በግድ መመገብ ግን ልምድ ባላቸው እጆች የሚደረግ የመጨረሻ አማራጭ ነው።

በውጭ አገር ለሚኖሩ ወገኖቻችን የተለየ ወጥመድ አለ። በለንደን፣ በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ በሚገኝ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የአገሩን ቋንቋ ያልቻሉ እናት በታመመችው ልጃቸው አስተርጓሚነት ይጠየቃሉ። ሐኪሙ «ምን ያህል ትበላለች?» ይላል። እናት በአማርኛ «ኧረ ምንም አትቀምስም፣ ሽንት ቤት ገብታ ትቆያለች» ይላሉ። ልጅቷ ትተረጉማለች፦ «ደህና ትበላለች፣ ሆዷን አንዳንዴ ያማታል ትላለች።» ሐኪሙ ጽፎ ያልፋል። በእንግሊዝ የመንግሥት ጤና አገልግሎት አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ይቀርባል፤ በአሜሪካም ለሕይወት ከሚያሰጋ ቅጽበታዊ አደጋ በስተቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ አስተርጓሚ ማድረግን የፌዴራል ደንብ ይከለክላል። ወላጅ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አላቸው፤ ሐኪሙም ሳይጠየቅ ማቅረብ ይገባዋል።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሕመሙ የሚደበቅባቸው የታወቁ ስሞች አሉ። «ጨጓራዬን» አንዱ ነው፤ ለዚህ ተብሎ ተደጋጋሚ የጨጓራ መድኃኒት ይታዘዛል። ሌላው ጾም ነው። ጾም አኖሬክሲያን አያመጣም፤ ነገር ግን ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ መተዉ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አለመብላቱ የሚከበርበት ቤት ውስጥ የምትታመም ልጅ የማትጠየቅበት መጠለያ ታገኛለች። ልዩነቱን የሚያሳየው የፋሲካ ዕለት ነው። ሃምሳ አምስቱ ቀን አልቆ ሁሉም ዶሮ ወጡን ሲከብብ እርሷ «ከበደኝ» ብላ ጎመኗን ከቀጠለች፣ ጾሟ ከመጀመሪያውም ሌላ ነገር ነበር። በኦርቶዶክሱም በእስልምናውም የታመመ ሰው እንዲጾም አይገደድም። የንስሐ አባት «ልጄ፣ ለአንቺ አሁን መብላት ነው ጾምሽ» ያሏት ልጅ ሐኪሙ ያላገኘውን ፈቃድ ታገኛለች፤ ስለዚህ እኒህን አባት ከሕክምናው ቡድን ውጭ ማድረግ ጥበብ አይመስለኝም። ማዕዱ ላይ ግን «በሞቴ» እያሉ መለመን ብዙም አይረዳም፤ ልጅቷን በጥፋተኝነት ይጨምቃታል እንጂ ፍርሃቷን አይቀንሰውም። ለታዳጊዎች ጠንካራ ማስረጃ ያለው በቤተሰብ ላይ የተመሠረተው ሕክምና ወላጆች ለጊዜው የምግቡን ውሳኔ በሙሉ እንዲረከቡ፣ የሚቀርበውንም መጠን ራሳቸው እንዲወስኑ፣ እስክትጨርስ አብረዋት እንዲቀመጡ ያደርጋል።

ከሆስፒታል የመውጣቱ ቀን ብዙ ጊዜ በደስታ ይጠበቃል። የልብ ምቷ ተስተካክሏል፣ ፎስፌቷ ረግቷል፣ ስትቆም አትንገዳገድም። ሰውነቷ ከአደጋ ወጣ ማለት ግን አእምሮዋ ከሕመሙ ወጣ ማለት አይደለም፤ ሆስፒታሉ የመለሰላትን ክብደት ቤት በገባች በሁለት ሳምንት ልታወርደው ትችላለች። በ2012 የሞተችው ተማሪም ከሆስፒታል ወጥታ ነበር፤ በአዲሱ ከተማ በየሳምንቱ የሚመዝናት፣ የሚለካት፣ ቁጥሩ ሲወርድ ለማን እንደሚደውል የሚያውቅ ሰው በቅጡ አልተሰየመላትም። ስለዚህ በመውጫ ወረቀቱ ላይ ከመድኃኒቱ ዝርዝር በላይ መጻፍ ያለበት በሚቀጥለው ሰኞ የልብ ምቷን ተኝታና ቆማ የሚለካው ሰው ስም፣ ስልክ ቁጥሩና በየትኛው ቁጥር ላይ ወደ ሆስፒታል እንደምትመለስ ነው።